ራስ ምታቷ ከፍቅረኛዋ ነው ወይስ ከዳዶው?

በእንዲህ ዓይነቱ ገጽ ስለ ቅናት፣ ስለ ኩርፊያ፣ ቀጠሮ አርፍዶ ስለሚመጣ ጓደኛ ብዙ ተብሏል። እኔ ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ስምንት ዳዶዎች ነው። አዎ፣ ስለ ዳዶ! ሞተር ላይ ስለሚታሰረው! «ደግሞ ዳዶ ከእኛ ኑሮ ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ ካላችሁ እስቲ ትንሽ ታገሱኝ። ሁለት የሚዋደዱ ልጆችን ሊያለያይ የደረሰ፣ ሲብስም ከመለያየት የከፋ ነገር ሊያመጣ ይችል የነበረ ጉዳይ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። አንዲት የልብ ጓደኛ አለችኝ፤ ስሟ ይቆየን። ከልጁ ጋር ከተዋወቁ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ልጁ ከአባቱ የተረከባት ቮልስ አለችው። ቮልሷ ከሁለቱም ዕድሜ ትበልጣለች፤ ግን ትሄዳለች፣ ታምራለች፣ መንገደኛው ሁሉ ዞር ብሎ ያያታል። እሁድ እሁድ ሁለቱ ፈታ ለማለት ቢሾፍቱ ይወርዳሉ፣ ሐይቅ ዳር ተቀምጠው ተጫውተው ማታ ይመለሳሉ። ከዚህ በላይ ምን አለ!

ታዲያላችሁ ባለፈው ክረምት ጓደኛዬ እኔ ዘንድ መጥታ ተቀመጠችና በረጅሙ ተነፈሰች። «ከእሱ ጋር መኪና ውስጥ በገባሁ ቁጥር ራሴን ይወጥረኛል፣ ያቅለሸልሸኛል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል። ከመኪና ወርጄ ቤቴ ገብቼ ትንሽ ስቆይ ይተወኛል። ምን ይባላል ይሄ?»

ምን እንደሚባል የነገሯት ሞልተዋል። አንዷ «ፎንቃው በርዷል፣ ሰውነትሽ ነው ቀድሞ የነገረሽ» አለቻት። ሌላዋ ደግሞ አፏን ይዛ ሆድ ሆዷን አየቻት። ልጁም ቢሆን ነገሩን በሌላ ተርጉሞታል። «እኔን ስታይ የሚያማት ከሆነ ምን ላደርግ እችላለሁ?» ብሎ ማኩረፍ ጀምሯል። ሁለት ሳምንት ስልክ አልተደዋወሉም።

እኔ የጠየቅኳት ሌላ ነገር ነው። «ሁልጊዜ ነው የሚያምሽ?» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ዝናብ ሲሆን ይብሳል» አለች። «መስኮት ትዘጋላችሁ?» «እንዘጋለን እንጂ፣ በዝናብ ማን ይከፍታል!» «ማሞቂያውንስ?» «የፊት መስታወቱ በጉም ሲሸፈን እሱ ይከፍተዋል።» «ጠዋት ሲያስነሳት ድምጿ እንዴት ነው?» ይሄኔ ሳቀች። «ጭ ጭ ጭ ጭ ትላለች። ስትሞቅ ይተዋታል ይላል እሱ።»

ወይ ጉድ! ፍቅሩ ምንም አልሆነም። የታመመችው ቮልሷ ናት።

ይህን እንዴት አወቅሽ ትሉኝ ይሆናል። አጎቴ ዕድሜውን ሙሉ መካኒክ ነበር። ልጅ ሳለሁ እሱ ከመኪና ስር ተኝቶ እጁን ሲዘረጋ ቁልፍ የማቀብለው እኔ ነበርኩ። ሌሎች ልጆች ሱዚ ሲዘሉ እኔ ባለ አስራ ሦስቱን ከባለ አስራ ሁለቱ ቁልፍ ለይቼ አውቅ ነበር። አጎቴ «አንቺ ልጅ፣ ሞተር ሲያፏጭ ዘፈን እንዳይመስልሽ» ይለኝ የነበረው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም።

ቮልስ ላይ ነገሩ ለምን ይከፋል?

ማንኛውም የቤንዚን ሞተር ሲሊንደሩ ውስጥ ያቃጠለውን ጭስ በቧንቧ ሰብስቦ ወደ ማርሚታ ይልካል። ቧንቧው ቴስታታው ላይ የሚታሰረው በዳዶና በብሎን ነው። በመሃሉ ጓርኒሲዮን ይገባል። ዳዶው ከላላ፣ ወይም አንዱ ጠብቆ ሌላው ከቀረ፣ ጭሱ ማርሚታ ሳይደርስ በስንጥቁ ያመልጣል። ያ «ጭ ጭ ጭ» የሚለው ድምፅ እሱ ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ብረቱ ስለሚለጠጥ ስንጥቁ ይጠብና ድምፁ ይቀንሳል። ሰውም «ተሻላት» ይላል። አልተሻላትም፤ ዝም አለች እንጂ።

ቮልስ ደግሞ የራሷ ጠባይ አላት። ሞተሯ በአየር እንጂ በውሃ አይቀዘቅዝም፤ ስለዚህ ለማሞቂያ የሚሆን የሞቀ ውሃ የላትም። ሙቀቱን የምታገኘው ከዚያው ከጭስ ቧንቧው ነው። ቧንቧው በቆርቆሮ ሳጥን ተሸፍኗል፤ የሞተሩ ማራገቢያ አየር እየገፋ በሳጥኑ ውስጥ ያሳልፍና ከእጅ ፍሬኑ አጠገብ ያለው ማንሻ ሲነሳ የሞቀው አየር ወደ ተሳፋሪው ይገባል። አሁን ገባችሁ? ሳጥኑ ውስጥ ያለው ቧንቧ ከተበሳ፣ ወይም መጋጠሚያው ከላላና መሸፈኛ ቆርቆሮዎቹ ካረጁ፣ ከሞቀው አየር ጋር ጭሱም አብሮ ይገባል። ያውም ዝናብ ሲሆን፣ ያውም መስኮት ተዘግቶ!

በጭሱ ውስጥ ያለው ቀንደኛ ገዳይ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። የሚሸታችሁ አብረውት ያሉት ሌሎች ጋዞች ናቸው፤ እነሱ ባይሸቱም እሱ ሊኖር ይችላል። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ክፍል ይህን ጋዝ ሲያገኝ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይዞ ያስቀረዋል። ሰውነት እየተነፈሰ ይታፈናል ማለት ነው። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ቀጥሎ ማዞርና ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ እንቅልፍ። እንቅልፉ ነው የሚያስፈራው። ለነፍሰ ጡር፣ ለሕፃናትና ለልብ ሕመምተኛ ደግሞ አደጋው ይበረታል።

«ጥብቅ አድርገህ እሰራት!»

ሁለቱን ተኳራፊዎች አጎቴ ግቢ ቅዳሜ ጠዋት ቀጠርኳቸው። ልጁ መጀመሪያ አላመነኝም። «እኮ ከሦስት ወር በፊት ጋራዥ አስገብቼ አሠርቻታለሁ!» አለ። የየትኛው ጋራዥ እንደሆነ አልጽፍም፤ ሥራውን ግን ልንገራችሁ።

አጎቴ ባትሪ ይዞ ከስር ገብቶ አየና «ስንት ዳዶ መኖር አለበት?» ብሎ ጠየቀኝ። ቮልስ አራት ሲሊንደር አላት፤ እያንዳንዱ የጭስ ቀዳዳ በሁለት ዳዶ ይታሰራል፤ ስምንት። «እዚህ ያለው ሰባት ነው» አለ። ስምንተኛው ስታድ፣ ማለትም ቴስታታው ላይ የተተከለው ራስ የሌለው ብሎን፣ ከሥሩ ተቆርጧል። ክፍተቱ ላይ ሲሊኮን ተለጥፎበት አሮ ከስሏል። በዙሪያው ጥላሸት! ጓርኒሲዮኑም አሮጌው ነው።

ልጁ አስታወሰ። መካኒኩ ቁልፉ ጫፍ ላይ ረጅም የውሃ ቧንቧ ሰክቶ ሲያጠብቅ እሱ ራሱ ቆሞ አይቷል። «ጥብቅ አድርገህ እሰራት» ብሎ ያዘዘውም ባለመኪናው እሱ ነው። ብዙዎቻችን እንዲህ ነን። በርትቶ የጠበቀ ነገር ሁሉ በደንብ የታሰረ ይመስለናል።

አጎቴ ታዲያ ቁጭ አድርጎ በቁጥር አስረዳው። በቮልስ ላይ ለእነዚህ 8 ሚሊሜትር ውፍረት ላላቸው ስታዶች የሚሰጠው ልክ 20 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ይህ በሰው ቋንቋ ሲነገር 20 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ቁልፍ ጫፍ ላይ 10 ኪሎ ሽንኩርት እንደ ማንጠልጠል ነው። በቃ! እዚያው ቁልፍ ላይ ቧንቧ ሰክታችሁ 60 ሳንቲ ሜትር ብታደርሱትና በ30 ኪሎ ክብደት ብትጫኑት 180 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሆናል። ዘጠኝ እጥፍ! ምስኪኑ ስታድ ምን ያድርግ? ወይ ይቆረጣል፣ ወይ ጥርሱን ይዞ ከቴስታታው ይነቀላል።

«አንተ ልጅ» አለው አጎቴ፣ «ጉልበትህን ለዕቃ ማውረጃ አቆየው። ዳዶ የሚፈልገው ልክ ነው።»

ልጁ «እሺ ጋሼ» ብሎ አቀረቀረ። ቀጥሎ ግን ማናችንም ያልጠበቅነውን ተናገረ። አንድ እሁድ ማታ ከቢሾፍቱ ሲመለሱ እሷ ጎኑ ተኝታ ነበር። ቃሊቲ ሲደርስ እሱም ዓይኑ ከብዶት፣ መንገዱ ሁለት ሆኖ ታይቶት፣ ጥግ ይዞ ቆሟል። መስኮት ከፍቶ ሩብ ሰዓት ያህል ሲቆይ ለቀቀው። ፈሪ እንዳትለው ብሎ ለእሷ አልነገራትም። ጓደኛዬ ዝም ብላ ስታየው ቆየች። እንባዋ መጣ። ማንም ምንም አላለም፤ አጎቴ ብቻ «በሉ፣ ባለ አስራ ሦስቱን አምጡ» አለ።

ታዲያ በትክክል የሚታሰረው እንዴት ነው?

እናንተም ቮልስ ይኑራችሁ ኮሮላ፣ ነገሩ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ራሳችሁ ባትሠሩትም እንኳ ቆማችሁ ስታሠሩ ምን ማየት እንዳለባችሁ እወቁ።

1ኛ፦ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቀዝ። ቴስታታው አሉሚኒየም፣ ስታዱ ብረት ነው። ሲሞቅ አሉሚኒየም ከብረት እጥፍ ያህል ይለጠጣል። በትኩሱ የሚፈታና የሚታሰር ዳዶ የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይዞ ሊወጣ ይችላል። ማታ አቁሟት፣ ጠዋት ሥሩ። ከስር የምትገቡ ከሆነ ደግሞ ክሪክ ብቻ አትመኑ፤ ጠንካራ መደገፊያ ይኑር።

2ኛ፦ የዛገውን አታስገድዱ። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ነፍታችሁ አሳድሩት። በማግስቱ መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቅ፣ ከዚያ ወደ ማላላት፣ እንደገና ወደ ማጥበቅ እያላችሁ ቀስ በቀስ አውጡት። እምቢ ካለ በእሳት ማሞቅ ይቻላል፤ ግን ቤንዚን ባለበት እሳት የጀማሪ ሥራ አይደለም፤ ለባለሙያ ተዉት። የተቆረጠ ስታድም እንደዚሁ ነው። ትክክለኛው መሃሉ ተበስቶ መውጣት አለበት። የእኛው ተበስቶ ሲወጣ ቀዳዳው ሰፍቶ ስለነበር ባለ ደረጃ ስታድ ተተከለበት፤ ወደ ቴስታታው የሚገባው ጎን ወፍራም፣ ዳዶ የሚታሰርበት ጎን መደበኛው 8 ሚሊሜትር ነው።

3ኛ፦ ፊቱን አጽዱ። የድሮው ጓርኒሲዮን ቅሪትና ጥላሸት ተፍቆ ይውጣ፤ አሉሚኒየሙን ግን አትቧጥጡት። በሽቦ ብሩሽ የስታዱን ጥርስ ጥረጉ። ዳዶው በጣት ብቻ እስከ መጨረሻው ካልዞረ ጥርሱ ተበላሽቷል ማለት ነው። ቁልፍ አምጥታችሁ አታስገድዱት።

4ኛ፦ ጓርኒሲዮን ሁልጊዜ አዲስ! አንዴ የተጨፈለቀ ጓርኒሲዮን ሁለተኛ አይታተምም። ከካርቶን የተቆረጠ አይሆንም፤ ተራ ሲሊኮንም አይሆንም፤ ይቃጠላሉ። ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና አስተያዩ። ዳዶውም ቢሆን መዳብ የተቀባ ቢሆን ይመረጣል፤ ከስታዱ ጋር በዝገት ቶሎ አይጣበቅም። ተራው የተሰነጠቀ ስፕሪንግ ሮንዴላ በዚህ ሙቀት ጉልበቱን ያጣል፤ አትተማመኑበት።

5ኛ፦ ሁሉንም በጣት አስገቡ። ይሄ ነው ብዙ ሰው የሚዘለው። አንዱን ዳዶ ጥርቅም አድርጎ አጥብቆ ወደሚቀጥለው መሄድ ቧንቧውን ያጣምመዋል። ቮልስ ላይ የማሞቂያ ሳጥኖቹም ማርሚታውም ሁሉም ልል ሆነው በየቦታቸው ይቀመጡ፤ የኋለኞቹ ሁለት ሲሊንደሮች በቀጥታ ከማርሚታው ጋር፣ የፊተኞቹ ደግሞ በማሞቂያው ሳጥን በኩል አልፈው ስለሚገናኙ ሁሉም እርስ በርስ ይጎተታሉ። በደንብ ተገጣጥመው ሳይጋደሉ ከተቀመጡ በኋላ ነው ማጥበቅ የሚጀመረው።

6ኛ፦ በተራና በዙር አጥብቁ። ሁለት ዳዶ ያለው መጋጠሚያ አንዴ ይሄን፣ አንዴ ያንን። እንደ ኮሮላ ሲሊንደሮቹ በአንድ ረድፍ የተደረደሩና ቧንቧው አንድ ወጥ የሆነ እንደሆነ ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ዳርና ዳር። በመጀመሪያው ዙር የልኩን ግማሽ፣ በሁለተኛው ሦስት አራተኛውን፣ በሦስተኛው ሙሉውን። ቁጥሩን ከየመኪናችሁ መጽሐፍ አውጡ፤ የቮልስን ለኮሮላ አትውሰዱ።

7ኛ፦ ቶርክ ሬንች ተጠቀሙ። የጎማ ዳዶ የሚታሰርበት ትልቁ ለዚህ አይሆንም፤ በ20 ኒውተን ሜትር ላይ በትክክል አይነግራችሁም። ትንሹን አምጡ። ከሌላችሁ ተዋሱ ወይም ጋራዡ እንዳለው ጠይቁ። እንዳይዝግ ተብሎ ስታዱ ላይ የሚቀባ ቅባት ካለ በጣም ጥቂት ይሁን። ቅባት ሰበቃን ስለሚቀንስ ያው ቁጥር በቅባት ሲታሰር ከደረቁ የበለጠ ይጨብጣል።

8ኛ፦ እንደገና ፈትሹ። አስነስታችሁ በደንብ አሙቋት፣ ከዚያ አጥፍታችሁ ሙሉ በሙሉ እስክትቀዘቅዝ ጠብቁ፣ ከዚያ ያንኑ ቁጥር ይዛችሁ እያንዳንዱን ዳዶ እንደገና ዳስሱ። አዲስ ጓርኒሲዮን በመጀመሪያው ሙቀት ተጨፍልቆ ይሳሳል፣ ዳዶውም ትንሽ ይላላል። «ከአንድ ሳምንት በኋላ ለቀቀብኝ» የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ይህን የዘለሉ ናቸው።

እኛ ሥራውን የጨረስነው እሁድ ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ አስነስተናት ስትቀዘቅዝ ስንፈትሽ ከስምንቱ ሦስቱ ትንሽ ዞሩ። ቶርክ ሬንቹን የያዘችው ጓደኛዬ ነበረች፤ ልጁ ባትሪ አብርቶላታል። «ቀጭ» ባለ ቁጥር ቁጥር ትጠራለች። ስምንት ስትል ተያዩና ሳቁ።

እንዴት ታውቃላችሁ?

ጠዋት በቀዝቃዛው ስታስነሱ «ጭ ጭ» ካለች፤ ስትሞቅ ቢተዋትም። ዳገት ስትወጡ ድምፁ ከጨመረ። ነዳጅ ለቃችሁ ቁልቁለት ስትወርዱ ማርሚታው «ዷ! ዷ!» ካለ፤ ይሄ ብዙ ጊዜ በስንጥቁ ውጫዊ አየር እየተሳበ ስለሚገባ ነው እንጂ የውድድር መኪና ስለሆነች አይደለም። በመጋጠሚያው ዙሪያ ጥቁር ጥላሸት ካያችሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ መኪና ውስጥ ስትሆኑ ራሳችሁን አሟችሁ ስትወርዱ የሚተዋችሁ ከሆነ፣ በተለይ አብረዋችሁ ያሉትም እንደዚያው ካሉ።

እንዲህ ሲሆን የዳሽ ቦርድ ሽቶ መግዛት መፍትሔ አይደለም። ማሞቂያውን ዝጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ጥግ ያዙና ሁላችሁም ውረዱ። የከበደው፣ የተምታታበት ወይም የተኛ ሰው ካለ ቶሎ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፤ የመኪና ጭስ እንደተነፈሰም ንገሩ። መኪናዋ ሳትጠገን ማንም አይሳፈርባት። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ማስነሳትማ ፈጽሞ አይታሰብ።

«ለዚህች አሮጌ መኪና ይሄ ሁሉ ጣጣ?» የሚል አይጠፋም። አሮጌዋ ግን አሁን ይበልጥ ታስፈልጋለች። በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገራችን እንዳይገቡ መከልከሉ በጥር 2016 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ በእጃችን ያለችውን ጠብቆ መያዝ ብልህነት ነው። የመጨረሻዋ የድሮዋ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ የወጣችው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከእንግዲህ አዲስ የሚባል የለም። ቴስታታ አበላሽቶ ሌላ ከመፈለግ ጓርኒሲዮን ገዝቶ ስምንት ዳዶ በልኩ ማሰር እጅግ ይረክሳል።

ለፍቅረኞች ደግሞ አንድ ነገር ልበልና ላብቃ። ጓደኛችሁ «አመመኝ» ስትላችሁ ወይም ሲላችሁ መጀመሪያ ኩርፊያ አታስቡ፤ መቼና የት እንደሚያማቸው ጠይቁ። እናንተንም ሲያማችሁ አትደብቁ። ልጁ የቃሊቲውን ያን ማታ ነግሯት ቢሆን ኖሮ ሁለት ሳምንት ባልተኳረፉ ነበር፤ ከዚያ የከፋም ሊመጣ ይችል ነበር። የቀረውን የምትጠይቁት ጋራዥ ገብታችሁ ነው፦ «ጌታው፣ ልኩ ስንት ነው?» በሉ። ቧንቧ ሰክቶ ከጀመረ ቁልፋችሁን ተቀበሉና ውጡ።

ቸር እንሰንብት!